ዳንቴል የለበሰችው ማሽን

ተረት ልትገባ ነው፤ «በሩ ክፍት ነው» በሉኝ።

አልሰማሁም። ከጥግ ያላችሁትም በሉ እንጂ፣ አፋችሁን ምን ያዘው? እህ፣ እንዲህ ነው። እንግዲህ ገባች።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረች። ምነው፣ ምን ያስቃችኋል? ድሮ ስል ያን ያህል ድሮ አይደለም። መብራት ነበረ። ቧንቧም ነበረ፤ ውሃው ግን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ ብቻ ነበር። ይኼን የውሃ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

የማሽኗ ባለቤት አልጋነሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። አልጋነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ የቤቷን ልብስ በእጇ ስታጥብ ኖራ፣ ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጣመሙ። መጀመሪያ ጋቢ መጭመቅ አቃታት። ቀጥሎ አንሶላ አቃታት። በመጨረሻ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጇ ካልሆነ አታነሳም ነበር። ይኼን ያየች ልጇ ቤዛዊት ከምትሠራበት አገር ማሽኗን ገዝታ ላከችና በስልክ እንዲህ አለቻት፦

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ሳፋ ውስጥ ገባ ሲሉ ብሰማ ተጣላን።»

ማሽኗ የመጣች ቀን ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። ወደ ጓሮ በሚያስወጣው በር አጠገብ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሥሯ አራት ብሎኬት ተደርጎላት ከፍ ብላ ተቀመጠች። አልጋነሽ ደግሞ የምትወደውን ዕቃ ማክበር ታውቃለች። ጣቷ ደህና በነበረ ጊዜ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ከሳጥን አውጥታ አለበሰቻት። በላዩ ላይ የላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው ደረበችበት። ልብስ ታጥቦ በወጣ ቁጥር አቧራ እንዳይገባባት ብላ በሯን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች፤ ዳንቴሉንም እስከ ታች ትለቅባታለች። በዚያ ቤት ዳንቴል የሚለብሱት ቴሌቪዥኑና እሷ ብቻ ነበሩ።

ማሽኗም ኮራች። ምን ታድርግ፣ ማንስ ቢሆን?

ጓሮው ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ አንዲት ሰማያዊ የላስቲክ ሳፋ ነበረች። አሮጊት ናት። ጠርዟ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል። አልጋነሽ ሃያውን ዓመት ያጠበችው በሷ ነው። አሁን ድንች ቢታጠብባት ነው፤ እሱም ሲያልቅ በአፍጢሟ ትደፋና ፀሐይ ላይ ትተዋለች። ማሽኗ በጓሮው በር በኩል አሻግራ እያየች ትስቅባት ነበር።

«አንቺ ሳፋ! እስቲ እዪኝ። እኔ ሥራ ስጨርስ እለብሳለሁ። አንቺ ሥራ ስትጨርሺ በአፍጢምሽ ትደፊያለሽ። ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ልጄ፣ የምደፋው እንድደርቅ ነው» አለች ሳፋዋ።

«ማን ልጅሽ አደረገኝ!» አለች ማሽኗ።

ሳፋዋ ነገሩን ተወችው። ዕድሜዋ ለአተካራ አልነበረም።

እንግዲህ አልጋነሽ አንድ እምነት ነበራት። አረፋ ካላየች ልብስ ታጠበ አትልም። በሳፋ ስታጥብ አረፋው ክርኗ ድረስ ካልመጣ ሳሙና ትጨምር ነበር፤ እናቷም እንዲያ ነበር የምታጥበው። ቤዛዊት «አንዲት የቡና ስኒ ዱቄት ሳሙና ትበቃለች» ብላ በስልክ ነግራታለች። አልጋነሽ ግን በክቡ መስታወት አጎንብሳ ስታይ አረፋው እዚህ ግባ የሚባል አልሆነላትም።

«በአንድ ስኒ ሳሙና? ይኼማ ለመሀረብም አይበቃ!» አለችና አንድ እፍኝ ጨመረች።

አንድ ማክሰኞ የትራስ ልብሶች እየታጠቡ ሳለ፣ ልክ መለቅለቂያው ላይ፣ ውሃው ቀጥ አለ። ማሽኗ ባላት ውሃ እንደምንም አንገዋልላ ጨረሰች። አልጋነሽ ልብሱን አወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ዳንቴሉን ለቀቀችና ወደ ገበያ ሄደች። ያን ጊዜ ከሳሙና መሳቢያው ጥግ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ?»

ማሽኗ ደነገጠች። «አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ዝቃጭ እባላለሁ፣ እመቤቴ።»

«ዝቃጭ? ቆሻሻ ነህ ማለት ነው!»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ እኮ ሳሙና ነኝ። የሳሙና ልጅ ነኝ። ሳሙና እንዴት ይቆሽሻል?»

ማሽኗ አሰበች። እውነትም፣ ሳሙና እንዴት ይቆሽሻል?

«ታዲያ ከጓደኞችህ ጋር ለምን አልሄድክም?» አለችው።

«ውሃው ጥሎኝ ሄደ፣ እመቤቴ። ይቺ የመሳቢያዎ ጥግ ትበቃኛለች። እስከ አርብ ብቻ ነው።»

«እስከ አርብ ብቻ?»

«እስከ አርብ ብቻ።»

እሺ አለችው። ዝቃጩም ጥጓ ላይ ልጥፍ አለ።

የትራሶቹ ልብስ ደርቆ ሲታጠፍ አልጋነሽ አሸተተችውና ፊቷን ቋጠረች። እርጥብ የዶሮ ላባ ይሸታል። «ሳሙናው አንሶ ነው» አለች። አርብ ላይ ነጠላዋን ስትከት ሁለት እፍኝ አደረገች።

አርብ ዝቃጩ አልሄደም። እንዲያውም ወፍሮ ተገኘ። አልጋነሽ ዳንቴሉን ለቃ ወደ ዕድር ስትወጣ ጠብቆ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ መሳቢያው ጠበበኝ። ዘመድም መጥቶብኛል። የጋቢ ክር መጥቷል፣ የድመት ፀጉር መጥቷል፣ ያለፈው ሳምንት እርጥበትም አለ። በበርሽ ጎማ እጥፋት ውስጥ እንደር፤ ሰው አያየንም።»

ልብ በሉልኝ፤ አንቱታው ቀረ።

«እስከ አርብ ብለኸኝ አልነበር?» አለች ማሽኗ።

«የትኛው አርብ እንደሆነ መች ተናገርኩ?»

ዝቃጩም ከነዘመዶቹ የበሯ ጎማ እጥፋት ውስጥ ገባ። በሯ ተዘግቷል፣ ዳንቴሉ ወርዷል፣ ንፋስ የለም፣ ፀሐይ የለም። ለሱ ከዚህ የበለጠ ምን ቤት አለ?

ነጠላዋ ደርቃ ስትመጣ ነጭ ነጭ መስመር ተሰምሮባታል፣ ጥለቱም ተገትሯል። አልጋነሽ ነጠላዋን ዘርግታ አየችና «አሁንም ሳሙናው አንሷል ማለት ነው!» አለች። ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይኼን ጊዜ እዚያ ብሆን ኖሮ እጇን እይዛት ነበር። ግን ተረት ነጋሪ እንጂ ጎረቤቷ አይደለሁም።

ያን ሰሞን ድመቷም ተነሳች። ይቺ ድመት የምትተኛው ማሽኗ ላይ፣ ዳንቴሉ ላይ፣ ከላስቲክ አበባው ጎን ነበር። አንድ ቀን ቀና አለች፣ አሸተተች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ወረደች።

«ወዴት ነው?» አለቻት ማሽኗ።

«ወደ ሶፋው።»

«ምነው? ምን በደልኩሽ?»

«ትሸቻለሽ» አለች ድመቷ። ድመት መቼም ማለዘብ አታውቅም።

ማሽኗ እንደዚያ ቀን ሀፍረት ተሰምቷት አያውቅም። አፍራ ዝቃጩን ጠየቀችው፦ «ትሸቻለሽ ተባልኩ እኮ። እውነት ነው?»

«ቅናት ነው!» አለ ዝቃጩ፣ አፉን ሞልቶ። «ዳንቴል የለበሰ ይሸታል? ሳሙና የጠገበ ይሸታል? አፍሽን ግጥም አድርገሽ ዘግተሽ ተቀመጪ። የሚያውቅብሽ የለም።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስት እፍኝ ተደረገ። ውሃው እንደ ልማዱ በመሀል ጠፋ። ዝቃጩ በዚያ ቀን ፈቃድ አልጠየቀም። ከጎማው ተነስቶ በሆዷ ጀርባ፣ ማንም በማያይበት በኩል፣ ዙሪያውን ተለጠፈ። ወደ ታችም ወርዶ ማጣሪያዋን ዘጋ። ማሽኗ ስትሽከረከር አቃሰተች።

የታጠበው ጋቢ ነበር። ሲወጣ ግራጫ ነገር እዚህም እዚያም ተለጥፎበት፣ ጠርዙ ጠቋቁሮ ወጣ። ይኼኔ ጎረቤቷ ማንያህልሻል ስኳር ልትበደር መጥታ ኖሮ ጋቢውን አየችው።

«አልጉ! ይኼ ጋቢ ነው ወይስ የመኪና መወልወያ?»

«ማሽኗ እኮ ናት» አለች አልጋነሽ። «ሳሙና አበላሁ አበላሁ፣ አልሻል አለች።»

«ተበላሽታለቻ። አርብ ልዋጩ በዚህ ያልፋል፤ ስጪውና ተገላገይ። በለውጡ ሦስት ሳፋና አንድ ባልዲ ሳይሰጥሽ አይቀርም።»

«እጄስ?» አለች አልጋነሽ።

«ምን ይደረግ፣ የኔ እህት? እንደ ድሮው ቀስ እያልሽ ታጥቢያለሻ።»

አልጋነሽ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየቻቸው። አዘነች። እንባዋ መጣ፤ ጎረቤት ፊት ስለሆነ ግን መለሰችው። «እሺ፣ አርብ ይሁን» አለችና ማንያህልሻልን ልትሸኝ ወጣች።

ቤቱ ጭር አለ። ማሽኗ ከበሩ ጎማ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገች። ቀጥሎም አንድ። የምታለቅስበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

«ሳፋ!» ብላ ተጣራች በጓሮው በር። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ደስ ይበልሽ። በሳፋ ልለወጥ ነው። እንግዲህ ጊዜሽ ተመለሰ።»

ሳፋዋ ከተደፋችበት ተናገረች።

«እነዚያ እጆች ሃያ ዓመት እኔ ውስጥ ሲያብጡ ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «ክረምት ክረምት ጣቷ አልታጠፍ ሲላት፣ ውሃዬ ውስጥ እጇን ዘፍዝፋ ስታለቅስ አውቃታለሁ። ተመልሰው እንዲመጡ አልፈልግም። ድንቼ ይበቃኛል። ይልቅ ንገሪኝ፤ ሆድሽ ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ሳሙና ብቻ።»

«ሳሙና ሥራውን ሠርቶ ካልሄደ ሳሙና አይባልም።»

«እሱ ግን ሳሙና ነኝ ይላል!»

«ነበረ። አሁን የተለጠፈብሽ ቆሻሻ ነው። እኔም ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ግን አልጋነሽ ታሻሸኛለች፣ ታለቀልቀኛለች፣ ትደፋኛለች፣ ፀሐይ ያደርቀኛል። አንቺን ማን አጠበሽ? ማን አደረቀሽ?»

ማሽኗ ስታስብ ስታስብ አንድ ቀን እንኳ አላገኘችም። ስንት ልብስ አጥባ፣ እሷን ያጠባት አልነበረም።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አርብ በርሽን ስትገፋው አትዘጊ። አልዘጋ ስትያት ምን ሆነች ብላ ታጎነብሳለች። ካጎነበሰች ታያለች።»

«ካየችማ አፈርኩ! ያ ሁሉ ዳንቴል ለብሼ፣ ይኼን ተሸክሜ?»

«ካላየች ትለውጥሻለች» አለች ሳፋዋ።

ይኼን ሁሉ ዝቃጩ ይሰማ ነበር። ከሆዷ ጀርባ ሆኖ አፏን ሊያስይዛት ሞከረ። «ስሚኝ» አለ። «እስከ ዛሬ ገመናሽን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ። አንዴ ከታየሁ ልዋጩን እንኳ አትጠብቅም፣ መንገድ ላይ ትጥልሻለች። አንቺ ዝም ብለሽ ተዘጊ። የዳንቴሉን ነገር አስቢው።» ማሽኗ ፈራች፤ በጣም ፈራች።

አርብ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ቧንቧው ሳል እንደያዘው ሰው አስሎ አስሎ ውሃ አመጣ። አልጋነሽ ዳንቴሉን ገፈፈች፣ አበባውን አነሳች፣ ያንኑ ጋቢ ከተተች።

«እንግዲህ ይኼ የመጨረሻሽ ነው» አለቻት። በቁጣ አልነበረም፣ ደክሟት ነበር። ሦስት እፍኝ ሳሙናዋን አዘጋጅታ በሩን ገፋች።

ከሩቅ፣ ከመንገዱ ጫፍ፣ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ማሽኗ ልትዘጋ ምንም አልቀራትም። ልማድ ነው፤ አልጋነሽ ስትገፋት መዘጋት እንጂ ሌላ አታውቅም። ግን ያዘች፣ ያዘችና ለቀቀች። በሩ ተመልሶ ተከፈተ።

«ምነው?» አለች አልጋነሽ። ሁለተኛ ገፋች፣ ጠንከር አድርጋ።

«ልዋጭ! ልዋጭ!» ድምፁ ከማዞሪያው ደረሰ።

«ዝጊ!» አለ ዝቃጩ። «ዝጊ አንቺ፣ ልታዋርጅን ነው!»

በሩ ተከፈተ።

አልጋነሽ ሦስተኛ ገፋች። በእጇ ቢያቅታት ዞራ በዳሌዋ ገፋችው። ልዋጩ ከአጥሩ ሥር ሆኖ «ልዋጭ! የሚለወጥ!» አለ። በሩ ተከፈተ።

«ኤዲያ! ምን ይዟት ነው?» አለችና ጉልበቷን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ አጎነበሰች። ጣቷን የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ሰደደች።

ጣቷ ሙልጭ ብሎ ገባ። ስታወጣው ግራጫ፣ ዝልግልግ፣ እንደ ቆየ ሊጥ የመሰለ ነገር ጣቷን እስከ ሥሩ አልብሶታል። የድመት ፀጉር አለበት፣ የጋቢ ክር አለበት። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና «ውይ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ጎማውን ገለጥ አደረገችው፤ ዙሪያውን ነው። የሳሙና መሳቢያውን ሳበችው፤ እንደ ግድግዳ ኖራ ተጋግሯል።

ልዋጩ የግቢውን በር አንኳኳ። «እናቴ፣ የሚለወጥ የለም?»

አልጋነሽ ጣቷን አየች። ማሽኗን አየች። ከጎኗ የተቀመጠውን ሦስት እፍኝ ሳሙና አየች። ወንበር ላይ የተጣለውን ዳንቴል አየች። ራሷን ያዘች።

«አዬ ጉዴ!» አለች። «በሳሙና አፍኜ፣ በዳንቴል ጠቅልዬ፣ የገደልኩሽ እኔው ነኝ ለካ!»

«እናቴ?» አለ ልዋጩ።

«የለም ልጄ፣ ሂድ። እጄ ቆሽሿል፣ ሥራ አለብኝ።»

ልዋጩም ሄደ። እሱን ከዚህ በኋላ አንፈልገውም።

አልጋነሽ እጇን ጠርጋ ወደ ቤዛዊት ደወለችና ያየችውን ነገረቻት።

«እማዬ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ስንት ሳሙና ነው የምታደርጊው?»

«ያው... ሦስት እፍኝ።»

ልጅቱ ጮኸች። «እማዬ!»

«ተይኝ፣ ገብቶኛል። የሚደረገውን ንገሪኝ።»

ልጅቱ ነገረቻት። አልጋነሽ ጋቢውን ከውስጧ አውጥታ፣ መሳቢያውን ነቅላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። የበሩን ጎማ እጥፋቱን እየገለጠች በጨርቅ ወለወለችው። ከታች ማጣሪያው ጋ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከመክፈቷ በፊት ግን ውሃው የሚወርድበት ዕቃ ያስፈልጋት ነበር። ወደ ጓሮ ወጣች፣ ሰማያዊዋን ሳፋ ከግድግዳው ሥር አነሳች፣ በብሎኬቶቹ መሀል አስገብታ ከማሽኗ ሥር አስቀመጠቻት።

ክዳኑ ሲከፈት የወረደውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ገና ምሳ አልበላችሁም። ጥቁር ውሃ ነው፣ ክር ነው፣ የጠፋ ቁልፍ ነው፣ ስሙ የማይታወቅ ነገር ነው። ሁሉም ሳፋዋ ላይ ተዘረገፈ። ማሽኗ ሀፍረቷ ሊገድላት ደረሰ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች በትንሽ ድምፅ። «ይኼ ሁሉ የኔ ቆሻሻ በእርስዎ ላይ፣ እማማ።»

«ምንም አይደል፣ ልጄ» አለች ሳፋዋ። «እኔ እደፋዋለሁ፣ ልማዴ ነው።»

በዚህ ጊዜ «ማን ልጅሽ አደረገኝ» የሚል አልተሰማም።

ቀጥሎ አልጋነሽ አንድ እጇን ወደ አቼቶው፣ አንድ እጇን ወደ በረኪናው ሰደደች። «እማዬ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳታደርጊ! ጭሱ ያፍንሻል» አለች ልጅቱ በስልክ። በረኪናው ቦታው ተመለሰ። አቼቶው ብቻ ሁለት ስኒ ሆኖ ባዶ ሆዷ ውስጥ ገባ፤ ማሽኗም ልብስ ሳይከተትባት፣ ሳሙና ሳይጨመርባት፣ በሚፈላ ውሃ እንድትዞር ተደረገ። ማሽኗ ተዘጊ ስትባል ተዘጋች። አሁን መዘጋቱ ለሥራ ነበር።

አቼቶ መቼም ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው። ገና እንደገባ፣ «ማነው ከጀርባ ያለው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ዝቃጩ። «የሳሙና ልጅ ነኝ። ባለቤቶቹ ያውቁኛል።»

«ዘር አልጠየቅኩህም። ውረድ።»

መጀመሪያ ዞረች፤ የወጣው ውሃ ግራጫ ነበር። ሁለተኛ ዞረች፤ የወጣው ውሃ ወተት መሰለ። ቧንቧው ማሳል ጀመረ፣ ውሃው ሊሄድ ነው። አልጋነሽ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ!» እያለች ቧንቧውን ለመነችው። ሦስተኛ ዞረች። ዝቃጩ በፍሳሽ ቱቦው ሲወርድ «እመቤቴ፣ ይማሩኝ» ይል ነበር፤ አንቱታው ተመልሶለታል። ሦስተኛው ውሃ ጥርት ብሎ ወጣ። ቧንቧው ግን ቀጥ አለ።

ጋቢው እስከ ማክሰኞ ተቀመጠ። ማክሰኞ አልጋነሽ ውሃው እንደመጣ፣ ገና በጠዋቱ፣ አንድ የቡና ስኒ ዱቄት ሳሙና ለክታ ጨመረች። በመስታወቱ አየች። አረፋ የለም ማለት ይቻላል። እጇ ወደ ሳሙናው ሄደ። በሌላኛው እጇ ያዘችው። ተጨነቀች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች። ጋቢው ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ተጨምቆ ሲወጣ ነጭ ነበር። ለስላሳ ነበር። አልጋነሽ ፊቷን ቀበረችበትና ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ምንም አልሸተተም። የተጣመሙት ጣቶቿ ያደረጉት ነገር ቢኖር ጋቢውን ተሸክሞ ገመዱ ላይ መዘርጋት ብቻ ነበር። ደስ አላት፤ ብቻዋን ጓሮ ውስጥ ቆማ ሳቀች።

ዳንቴሉን አጠበችው። ሲደርቅ ግን ማሽኗን አላለበሰቻትም፣ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። የማሽኗን ሆድ በደረቅ ጨርቅ ወልውላ፣ መሳቢያውን በከፊል ስባ፣ በሩን ወለል አድርጋ ተወችው። የጓሮውንም በር ከፈተችላት። ሳፋዋን ደግሞ አጥባ ግድግዳው ሥር ደፋቻት።

ማሽኗ እንደዚያ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነበር።

«እማማ» አለች። «አፌን ከፍቼ ራቁቴን ቀረሁ እኮ። ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እኔም መጀመሪያ መጀመሪያ እንዲያ ይለኝ ነበር» አለች ሳፋዋ። «አሁን ንፋሱን ሳቢው። ደህና ነው ንፋሱ።»

ድመቷ ከሶፋው ወረደች። መጣች፣ አሸተተች፣ ዞረች፣ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ዘላ ማሽኗ ላይ ወጣችና አበባው በነበረበት ቦታ ተኛች።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አልጋነሽ በወር አንድ ጊዜ ማሽኗን ባዶዋን በአቼቶ ታጥባታለች ይባላል። ማንያህልሻል መጥታ «ምነው አልጉ፣ ማሽንሽን አራቆትሻት?» ስትላት፣ «ስሸፍናት ልገድላት ነበር» ብላ ትመልስላታለች።

እንግዲህ እናንተም ስሙ። ሌላውን ስታጥብ የምትውል፣ እሷንም የሚያጥባት ይፈልጋል። የምትወዱትንም ዕቃ ሆነ ሰው፣ ጎንበስ ብላችሁ ውስጡን እዩት እንጂ አለባብሳችሁ አትተዉት።

ተረቴ ወጣች። ስትወጡ በሩን አትዝጉት።